«ይለካል»፦ ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ሰኞ 3

መሥሪያ ቤታችን በር ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ። «የልቀት ማዕከል» ይላል። ዳይሬክተሩ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ልቀን ተገኝተናል ለማለት ነው ያሠሩት። እኛ ግን የአየር ብክለት ተቆጣጣሪዎች ነን፤ ጠዋት ገብተን ማታ እስክንወጣ «ልቀት» የምንለው ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን መርዝ ነው። ሰሌዳውን ያነበበ ሁሉ ጭሱ የሚወጣው ከኛ ግቢ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በትሕትና ነገርኳቸው። «አንቺ ደግሞ ነገር መሰንጠቅ ትወጃለሽ» አሉኝ።

ነገር መሰንጠቅማ እንጀራዬ ነው። ደንብና መመሪያ አረቃለሁ። በዚህ ቤት አንድ ዓረፍተ ነገር ቀጥ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሌላው «ከመሆኑ አንጻር»፣ «በመሆኑም ምክንያት» እያለ ወረቀት ሲያደልብ ይውላል። ቀን የሰው ጽሑፍ ሳርም ስለምውል ማታ ማታ ለራሴ እጽፋለሁ፤ ቢያንስ እዚህ የሚያርመኝ የለም።

ረቡዕ 5

ስብሰባ። ከጠዋት እስከ ምሳ።

ሚኒስትሩ ወደ አየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ ሄደው «ልቀታችንን በግማሽ እንቀንሳለን» ብለው ቃል ገብተው መጥተዋል። ተጨብጭቦላቸዋል። ዛሬ ዳይሬክተሩ «የምን ግማሽ? አሁን ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ካወቅኋቸው ጀምሮ የጠየቁት የመጀመሪያው ጤነኛ ጥያቄ ነው። አንዱ ስክሪብቶውን ይፈታል፣ አንዱ ስልኩን ያገላብጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ በጋ ግድቦቹ ውሃ ስላጠራቸው ከተማው ጫፍ ያለው፣ በጥቁር ዘይት የሚሠራው ማመንጫ ቀንና ሌሊት አይጠፋም። ጭሱ ከሰፈራችን ይታያል፤ መታየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በደንቡ መሠረት ጭሱ በየወሩ ተለክቶ ውጤቱ እኛ ጋ መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። ማመንጫው «መጥታችሁ አልለካችሁንም» ይላል። እኛ «ለክታችሁ አላመጣችሁልንም» እንላለን። ዳይሬክተሩ ደንቡን አስመጥተው አንቀጽ ዘጠኝን ገለጡ።

«ማንኛውም የኃይል ማመንጫ በየወሩ ይለካል፤ ውጤቱም ለባለሥልጣኑ ይቀርባል።»

ይኸው ነው። «ይለካል» ላልቶ ሲነበብ ማመንጫው ራሱ ለኪ ነው። ጠብቆ ሲነበብ ማመንጫው ተለኪ ነው፣ ለኪዎቹ ደግሞ እኛ። ፊደላችን መላላትና መጥበቅን አያሳይም፤ ሲጻፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። እናም በጋው ከገባ ጀምሮ፣ በር ላይ እንደተገናኙ ይሉኝታ የያዛቸው ሰዎች፣ «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» ስንባባል ከርመናል። የገባ የለም።

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔን ምን ያሳያቸዋል? ደንቡን ያጸደቀው ኮሚቴ ነው።

ሰኞ 10

ቱቦ መጣ። ቱቦ የመስክ ተቆጣጣሪያችን ነው፤ የጭስ መለኪያውን መሣሪያ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ቁመቱ መለሎ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ጭስ ማውጫ ቱቦ ስለሆነ ስሙ በዚያው ቀረ። ክፋት የለውም። ግን ሥራ ካመለጠው እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አይደለም፤ መኪናው ነዳጅ የለውም ከተባለ ደስ ብሎት ወደ ሻይ ቤት የሚሄድ ነው።

«በጋው ሲገባ ሄጄ ነበር እኮ» አለኝ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። «ጥበቃው በር ላይ መለሰኝ። ‹የምንለካው እኛ ነን፣ ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው ብላችሁ መልሱ ተብለናል› አለኝ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ወር ቆይቼ ውጤቱን ልቀበል ሄድኩ። ‹የምትለኩን እናንተ ናችሁ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው ብላችሁ መልሱ ተብለናል› አለኝ።»

«ሌላ ጥበቃ?»

«ያው ጥበቃ፣ ያው ወንበር። በሁለተኛው ሻይ ጋበዘኝ።»

ማመንጫው ውስጥ ቃሏን እንደየአስፈላጊነቱ የሚያላላና የሚያጠብቅ ብልጥ ሰው ተቀምጧል ማለት ነው። ቱቦን ለምን ሪፖርት እንዳላደረገ ጠየቅሁት። «ምን ብዬ? ሻይ ጠጣሁ ብዬ?» አለኝና ሳቀ። አንጀቴን አሳረረው። ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ሲመለስ አንድ መስመር አለመጻፍ ምን ይባላል? ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አስቀርቶልኝ ሄደ።

ሐሙስ 13

እማዬ የታጠበውን አንሶላ ግራጫ አድርጋ ከገመድ ላይ አወረደችው። እሷ አይደለችም ያደረገችው፤ ጭሱ ነው። «ለምን በዚያ በኩል ታሰጫለሽ?» ብዬ ተቆጣሁ። «ፀሐይዋ በዚያ በኩል ስለሆነች ነዋ» አለችኝ። እንደገና አጠበችው። ስታጥብ ታስላለች። አቧራ ነው ትላለች።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ማንበብ ስታስተምር ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። አሁን ዓይኗ ስለደከመ ጋዜጣ የማነብላት እኔ ነኝ፣ በየማታው፣ ከስፖርቱ ገጽ በቀር። ስፖርት አትወድም። «ዝለይው» ነው የምትለኝ። ሳነብላት እንደ ተማሪ ታርመኛለች። አንድ ልጅ «አባቴ አለ» የሚለውን አላልቶ ሲያነብባት «ምን አለ?» ትለው ነበር። ልጁ ግራ ይገባዋል። «አባትህ ምን አለ? ንገረና» ትለዋለች፣ እስኪያጠብቀው ድረስ። እኔንም ያሳደገችኝ እንደዚያው ነው።

አርብ 21

የማመንጫው ጠበቃ መጣ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ። ጠበቃ ማለት ከማጥበቅ የመጣ መሆኑን ዛሬ ነው ያመንኩት፤ «ይለካል»ን ባፉ በጠራት ቁጥር ሁለት እጥፍ ያጠብቃታል። እንዲህ አለ፦ ደንበኛዬ ለመለካት ዝግጁ ሆኖ በሩን ከፍቶ ሲጠብቅ ነበር፤ ተቆጣጣሪያችሁ ሥራውን ችላ ብሏል። ቅሬታ ሰሚው ጉባኤ በሚቀጥለው ወር ጉዳዩን ያያል። ጠብቆ ይነበባል ከተባለ ማመንጫው ነፃ ነው፣ ቱቦ ደግሞ ሥራውን ባለመሥራቱ ይባረራል። ላልቶ ይነበባል ከተባለ ማመንጫው ይቀጣል፣ ከነገ ጀምሮም ጭሱን ይለካል።

ቃሉ ሲላላ ሕጉ ይጠብቃል፣ ቃሉ ሲጠብቅ ሕጉ ይላላል። ይሄን ለማንም ብነግር አያስቀውም። ለቱቦ ነገርኩት፤ እሱ ብቻ ሳቀ፣ እሱም ሳይገባው ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ አስጠሩኝና በሩን ዘጉ። አስቀመጡኝ፣ ይሄም አዲስ ነው። «ይኸውልሽ፣ መብራት እየጠፋ ነው። ሚኒስትሩ ማመንጫው እንዲነካ አይፈልጉም። ያቺን አንቀጽ የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ ጉባኤው ይጠራሻል።»

«ምን ልበል ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ምንም በይ አልልሽም። የረቂቅ ክፍሉ የኃላፊ ወንበር ባዶ ነው አይደል? ጥንቃቄ የጎደለው ሰው አናስቀምጥበትም፤ ይሄን ብቻ ነው የምልሽ።»

በስንት ዓመት አንድ ጊዜ አንድ ነገር ለመናገር ቢነሡ እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ደግሞ ጥንቃቄን ለኔ። ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ጽፈው ማሰሪያ አንቀጽ የሚረሱ ሰውዬ።

እሑድ 23

ይሄን ነገር ለራሴ ግልጽ ላድርገው።

መጀመሪያ የነበረው እንዲህ ነበር፦ «ማንኛውም የኃይል ማመንጫ የሚያወጣውን ጭስ በየወሩ ይለካል።» እንዲህ ሲሆን ላልቶ ካልሆነ አይነበብም። ቀረ እንጂ። የቀሩት ሁለት ቃላት ናቸው፣ «የሚያወጣውን ጭስ»። የአንቀጹ ርዕስ «ስለ ጭስ ልኬት» ነው፤ ርዕሱ ጭስ እያለ ከሥሩ ጭስ ብሎ መድገም ምን ይባላል? ማንኛውም ጥሩ ጸሐፊ ያወጣዋል። ወጣ። ኮሚቴውም አይቶ አጸደቀው። ስንቱ የተማረ ሰው ተቀምጦ ነበር፣ አንድም አፉን የከፈተ የለም። በየመሃሉ ብስኩት ይበሉ ነበር፣ ይሄን አስታውሳለሁ።

እና ደግሞ ጠብቆ ሲነበብ ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም። ማመንጫ ይለካል፣ ውጤት ይቀርባል። ሁለት ተደራጊ ግሦች ጎን ለጎን፣ እኩል፣ ንጹሕ። ላልቶ ከተነበበ ግን «ምኑን?» ተብሎ ይጠየቃል። ተሳቢ የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው የሚሆነው። የአንደኛ ክፍል ስሕተት።

ሁለት ቃል ነው እኮ።

ማክሰኞ 25

ቱቦ ምሳ ሰዓት ላይ ደረጃው ሥር ያዘኝ። ዛሬ አልሳቀም። «ስሚ፣ እነዚያን ቃላት ያወጣሻቸው አንቺ ነሽ እኮ። እኔ ሻይዬን ይዤ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ‹ሁለት ቃል አዳንኩ› ብለሽ ሳቅሽ።»

«ተሳስተሃል፣ ኮሚቴው ነው።»

«ኮሚቴውማ ያመጣሽለትን ነው ያጸደቀው።»

የሻይ ሰው ነው፤ የሚያስታውሰው ሻዩን ነው። ያውም የቱን ቀን ከየቱ እንደሚያምታታ ማን ያውቃል። ምሳዬን ሳልበላ ተመለስኩ።

ሰኞ 1፣ አዲሱ ወር

ጥድፊያ። ሦስት ረቂቅ በአንድ ቀን። የፀሐይ ኃይል መመሪያው ውስጥ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ፀሐይ» ተብሎ በሦስት ዓይነት ተጽፏል። አርሜ ሳልጨርስ ሌላ። ነፋሱ ወደኛ ዞሯል። መስኮት አይከፈትም።

ረቡዕ 3

እማዬ ሌሊቱን ስትስል አደረች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «ሰልፍ ልታስይዢኝ ነው?» አለችኝ። አልሄድንም። እኔም ስብሰባ ነበረኝ። ስብሰባው ደግሞ ስለ ንጹሕ አየር ሳምንት አከባበር ነበር፤ የቲሸርቱ ቀለም ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ተብሎ ክርክር። ነጭ ብቻ አይሁን አልኩ። የገባው ሰው የለም።

ቅዳሜ 6

ቱቦ ቤት መጣ። ሳይደውል። እማዬ ጎረምሳ ልጇ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስል «ግባ እንጂ፣ ግባ የኔ ልጅ» ብላ ተቀበለችው፣ ሁለት እንቁላል ጠበሰችለት። ለኔ ለቁርስ ዳቦ ነው የምትሰጠኝ።

የመስኮቱን ደፍ በመሐረብ ጠረገና አሳየን። ጥቁር። «ስንት ነው ይሄ ጭስ?» አለችው እማዬ። «አልተለካም እማማ» አላት። «አንተ አይደለህም እንዴ ለኪው?» «ነበርኩ» አለ።

ስሸኘው በሩ ላይ ቆመ። እንደወትሮው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ፣ ማላገጥ የለም። «ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ታውቂያለሽ» አለ። «ሪፖርት አለመጻፌ ጥፋቴ ነው፣ ልቀጣ። ግን አልለካህም ተብዬ አልባረር። ላልቶ ነው ያሰብኩት ብትዪ ይበቃኛል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እኔ የምለው ነገር ምን ይለውጣል?» አልኩት።

«ጻፍሽው እኮ አንቺ ነሽ» አለኝ። ቆጣ አላለም፤ ብቻ መሐረቡን ከነጥቁሩ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ከተመለስኩ በኋላ እማዬ «ምን ፈልጎ ነው?» አለች። «የሥራ ነገር ነው» አልኩ። ሰው ቤት ድረስ መምጣት ምን የሚሉት ነገር ነው? ሥራው ላይ እንዲህ ቢተጋ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ሦስት ልጆች አሉኝ ብሎ ደግሞ። ልጆቹን እኔ ነኝ የወለድኳቸው?

ማክሰኞ 9

ነገ ነው። ምን እንደምል አዘጋጅቻለሁ፦ «ጽሑፉ ለራሱ ይናገራል።» አጭር ነው፣ ውሸት የለበትም። ማንንም አልጎዳም። ወረቀት ላይ እስካለ ድረስ ቃሉ ሁለቱንም ነው፤ ጉባኤው የመሰለውን ይምረጥ፣ ለሱ አይደል የሚቀመጠው?

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ሁለቱንም ሞከርኳቸው። ላልቶ። ጠብቆ። ላልቶ ስለው አፌ ላይ ቀለል ይላል፣ ያኔ ስጽፈው በውስጤ ይሰማኝ የነበረው እሱ ነው። ግን ያነክሳል። «ምኑን?» የሚለው ይከተለዋል። ለመሳቅ የተዘጋጁ ፊቶች ይታዩኛል፤ ያ «ከመሆኑ አንጻር» የሚለው ሁሉ «ለካ እሷም!» ሲል።

እማዬ በሩን አንኳኩታ «ከማን ጋ ነው የምታወሪው?» አለችኝ።

ረቡዕ 10

አለቀ።

ረቡዕ 10፣ ማታ

እንቅልፍ የለም፣ ስለዚህ ልጻፈው።

አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ማራገቢያው ይንቋቋል። የጉባኤው ሰብሳቢ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእማዬ አያንስም። ጠበቃው ተናገረ። ቱቦ ተናገረ፣ የጥበቃውንም ነገር፣ የሻዩንም ነገር ሳይቀር፤ ሰው ሳቀበት። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

«ጽሑፉ ለራሱ ይናገራል» አልኩ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወረቀቱን አራቁ፣ አቀረቡ። «ለራሱማ ቢናገር እኛ ባልተሰበሰብን። ልጄ፣ ዓይኔ ደካማ ነው። አንቺ አንብቢልኝ።»

ይሄን አላሰብኩትም። ሁሉን አስቤ ይሄን አላሰብኩትም። ወረቀት ላይ መደበቅ ይቻላል፤ አፍ ግን ወይ ያላላል ወይ ያጠብቃል፣ መሃል የለውም። ቆምኩ። «ማንኛውም የኃይል ማመንጫ በየወሩ» ድረስ ጥሩ ሄድኩ። የመጨረሻዋን ዋጥኳት።

«አልሰማሁም። ድገሚው።»

ቱቦ አያየኝም ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጫማውን ያያል። ጠበቃው ያየኝ ነበር፣ ፈገግ ብሎ፣ «ምኑን?» የምትለዋን ጥያቄ ከምላሱ ሥር አዘጋጅቶ። አወቅሁበት። ዳይሬክተሩም ከኋላ ሳል ሳል አላቸው።

ጠብቆ ወጣ።

«እናመሰግናለን፣ ግልጽ ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። ጠበቃው ወደኔ ጎንበስ አለ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

የተናገርኩት ሐሰት የለም። አንብቢ ተባልኩ፣ አነበብኩ። ሰዋስው ነው፤ ተሳቢ የሌለው ግሥ ተደራጊ ሆኖ ይነበባል፣ ማንም መምህር ይመሰክራል። ቱቦም እሱ እንደሚለው ንጹሕ አይደለም። መኪናው ነዳጅ የለውም ሲባል ያበራ የነበረውን ፊቱን አይቻለሁ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ለምን አላሳደሱም? እኔን ከማስነበብ።

አርብ 19

ውሳኔው መጣ። ማመንጫው «ላሳየው ትብብር» ምስጋና። ባለሥልጣኑ፣ ማለትም እኛ፣ በየወሩ እንድንለካ ትእዛዝ። ቱቦ ከሥራ ተሰናበተ። መሣሪያውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር አሁን የሚለካ ሰው የለም፤ ዳይሬክተሩ «ቅጥር እስኪፈጸም ድረስ» ብለው ጽፈዋል። የቅጥር መመሪያው ደግሞ ረቂቅ ላይ ነው። ረቂቁ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቱቦ መሣሪያውን ሊያስረክብ መጣ። ቢጫ ሳጥን ነው፣ ከባድ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ታቅፎት። አዲሱን ቢሮዬን ዞር ዞር ብሎ አየ። ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ይጮኻል። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢሰድበኝ መልስ ነበረኝ።

«ባትሪውን በየሳምንቱ ቻርጅ አድርጉት፣ አለዚያ ይሞታል» አለኝ። ከዚያ በሩ ላይ ሲደርስ፣ «እማማን ሰላም በይልኝ። ለሳሉ መስኮቱን ማታ ማታ ብቻ ክፈቱ፣ ነፋሱ ያኔ ይዞራል።»

መሣሪያውን ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ቻርጀሩን አልሰጠኝም፤ ወይ ሰጥቶኝ የት እንዳደረግሁት ጠፋኝ። ሥራ የማያውቅ ሰው እንደዚህ ነው፣ ሲሄድ እንኳ በሥርዓት አያስረክብም።

እሑድ 28

እማዬ አንሶላዎቹን ዛሬ አላጠበችም። «ምን ዋጋ አለው» አለች። ቁጭ ብላ ጋዜጣውን ጠበቀች።

አነበብኩላት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለኛ ጉዳይ ወጥቷል፤ ሳላየው ገባሁበት፣ መዝለል አልቻልኩም። «በደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ ማንኛውም የኃይል ማመንጫ በየወሩ ይለካል በተባለው መሠረት…»

«ቆይ። ያቺን ድገሚያት።»

ደገምኳት።

«ለምን ታጠብቂዋለሽ? ላልቶ ነው እንጂ» አለች። «ማመንጫው ይለካል። ጭሱ የሱ አይደል?»

«ጠብቆ ነው እማዬ። ተወስኗል።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው? ማን ጻፈው ይሄን?»

«ኮሚቴ ነው።»

ትንሽ አሳላት። ጨርሳ አፏን በመሐረብ ጠረገችና መሐረቡን አጠፈችው፤ ምን እንዳለበት አላየሁም፣ ቶሎ አጠፈችው። «እሺ፣ ጠብቆ ይሁን» አለች። «ማነው ታዲያ የሚለካው?»

ፊቷን ወደኔ አዙራ ጠበቀች፣ የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ እንደምትጠብቀው። ጥያቄው ቀላል ነው። ከአንድ ቃል በላይ አይፈልግም።

ጋዜጣውን ገለበጥኩና የስፖርቱን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። ዝለይው ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችኝም። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።